የአጎቴ ልጅ ነው ያልኩት ሰው

ሾፌር ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሰው መጫን አልወድም ነበር። እህል አይናገርም፣ ውሃ ስጠኝ አይልም፣ ኬላ ላይ ከየት መጣህ ሲሉት አይንተባተብም። በደርግ ጊዜ ደግሞ የይለፍ ወረቀት የሌለው ሰው ጋቢና ውስጥ ከተገኘ ጫኙም ተጫኙም አብረው ነው የሚታሰሩት። ስለዚህ ከአሰብ ስንዴ ጭኜ ወደ ወሎ ስመለስ በረሃው መሀል እጁን የሚያወዛውዝ ሰው ካየሁ ፊቴን አዙሬ ነበር የማልፈው።

ያን ቀን ግን ሰውየው እጁን አላወዛወዘም። ሚሌ ልደርስ ስል፣ አንድም ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ባዶ በርሜል ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። አልፌው ሄድኩና በመስታወት አየሁት። አልተነሳም፣ አልተራገመም። ቢሰድበኝ ኖሮ መንገዴን እቀጥል ነበር፤ ዝም ማለቱ አናደደኝ። ወደ ኋላ ተመልሼ ወዴት እንደሚሄድ ስጠይቀው «አንተ ወደምትሄድበት» አለኝ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ጫማ ያለው ባንድ እግሩ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር የጫንኩት አዝኜ ብቻ አይደለም። ዕድሜው የወንድሜን ያህል ስለነበር ነው። ወንድሜን ከከተማችን ከሐይቅ ገበያ በአፈሳ ወስደው ወደ ሰሜን ልከውት ነበር። ቆይቶ አንድ ቆስሎ የተመለሰ ወታደር ለእናቴ መሞቱን በጆሮዋ ነገራት። የመንግሥት መርዶ ግን አልመጣም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ መንግሥት ሳይናገር ለቅሶ የሚቀመጥ ሁሉ የጠላት ወሬ እንደሚነዛ ይቆጠራል ብሎ አስጠነቀቀን። እናቴ ድንኳን ሳይተከልላት፣ ሙሾ ሳታወርድ እንባዋን ውጣ ቀረች። ቤታችን ከዚያ ወዲህ ሳቅም ለቅሶም የሌለበት ቤት ሆነ።

ሰውየው የጀሪካኔን ውሃ ጨርሶ ጠጣ። ባቲ ልንደርስ ስንል አንገቱ ወደ በሩ ዘመም አለ። ጠራሁት፣ ነቀነቅሁት፣ አፍንጫው ላይ እጄን አደረግሁ፤ ምንም የለም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጋቢና ውስጥ ሬሳ ይዤ ኬላ ከምደርስ ብዬ፣ እያላበኝ ተሸክሜ ጭነቱ ላይ አወጣሁትና ሸራ አለበስኩት።

የባቲው ጠባቂ ሸራውን ገለጥ ሲያደርግ መጀመሪያ ያየው ያንን ጫማ የሌለውን እግር ነው። አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት። የአጎቴ ልጅ ነው፣ አሰብ ላይ ሙቀት ገደለው፣ ሐይቅ ወስጄ ልቀብረው ነው አልኩት። ከፍርሃት የተነሳ እንባዬ መጣ፤ እሱ ሐዘን መሰለው። ቆቡን አውልቆ አብሮኝ አለቀሰ። ይባስ ብሎ በደሴ አድርጎ ወደ ሐይቅ የሚያልፍ አውቶቡስ አስቁሞ፣ ለየኬላውም ለሐይቅ ሰውም እንዲነገርልኝ አደረገ። ሰው አይድከም ብዬ ብለምነው፣ ሰው ያለ ቀባሪ እንዴት ይገባል ብሎ ተቆጣኝ።

ባቲን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ አየሩ ቀዘቀዘ። እኔም ስለ ሬሳው ስጨነቅ የጋቢናው ጣራ በቡጢ ተመታ። ገደል ልገባ ለጥቂት ነው የዳንኩት። አቁሜ ስወጣ ሟቹ ከሸራው ስር አንገቱን ብቅ አድርጎ ውሃ ተርፎኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከጦር ካምፕ የጠፋ ወታደር ኖሯል። ሌላ ሾፌር ጭኖት ሲያበቃ ፈርቶ በረሃው ላይ ጥሎት ሄዷል። «ከተያዝኩ ይረሽኑኛል» አለኝ፣ የገበያ ወሬ በሚያወራ ሰው ድምፅ።

ውረድልኝ አልኩት። ሳይከራከር መውረድ ጀመረ። ያቺን አንድ ጫማ አየሁና ንዴቴ ሌላ ነገር ሆነብኝ።

«ተመልሰህ ሙት» አልኩት።

ተመልሶ ሞተ። እንደ ሬሳ ያለ ይለፍ አይቼ አላውቅም። ኮምቦልቻም ደሴም ወሬው ቀድሞኝ ስለነበር አንዱ አላህ ያጥናህ፣ ሌላው እግዚአብሔር ያጥናህ እያለ ያለ ፍተሻ አሳለፈኝ። ኮምቦልቻ ላይ ራዲያተሬ ፈልቶ ብዙ ሰዓት ስቆም እንኳ ሻይ ያመጡልኝ ነበር። ሐይቅ ከመድረሴ በፊት ጨለማ ቦታ አወርደዋለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ የሰፈሬ ሰዎች መንገድ ላይ ወጥተው ተቀበሉኝና መኪናዬን ከበው እያለቀሱ ቤቴ አደረሱኝ።

ድንኳን ተተክሏል። ቅሬው፣ ማለትም የሰፈራችን የቀብር ማኅበር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ወጥቷል። ችግሩ ግን እኔ የአጎቴ ልጅ አልኩ እንጂ የየትኛው አጎቴ አላልኩም። አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን ናት፤ በሁለቱም በኩል አጎት አለኝ። በሁለቱም ቤት ልጆች ተቆጠሩ፤ የጎደለ የለም። እንግዲህ ያልታወቀ ልጅ መሆን አለበት ተባለ። የአባቴ ወንድም ሚስት ባሏን ከጥግ ሆና ስታያቸው፣ አሰብ ድረስ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ የምታሰላ ይመስል ነበር። ማንም ላለማሳፈር ሲል አልጠየቀም፤ ሁለቱም ወገን የየራሱን መቃብር ቆፈረ። አንዱ በሙስሊሞቹ መቃብር፣ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አፉን ከፍቶ ይጠብቀን ጀመር።

ሊቀመንበሩም ድንኳኑ ደጃፍ ቆሟል። ሬሳ የለም ብል መኪናውን ያስፈትሻል፤ ሰውየው ይረሸናል፣ እኔም እከተለዋለሁ። የአባቴ ወንድም የቅሬው ዳኛ ነበሩ፣ ሬሳ የሚያጥቡም እሳቸው ናቸው። በጆሯቸው ሁሉን ነገርኳቸው። ጭነቱ ላይ ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸውና ሸራው ስር ገባን። ሰውየውን አተኩረው አዩትና ሙስሊም ወይስ ክርስቲያን እንደሆነ ጠየቁት።

«የቀረበው ይሁንልኝ፣ አባባ» አለ።

አጎቴ ከንፈራቸውን ነከሱ። ከዚያ ዓይናቸው አንዱ ቢፈነዳብኝ ብዬ በያዝኩት ስኮርታ ጎማዬ ላይ አረፈ። በዚያ ዘመን ጎማ ከየት ይገኛል! ልለምናቸው ብሞክር በዓይናቸው አስቆሙኝ። ጎማውን ከባዶ ጆንያና ከአካፋ ጋር አድርገን አጎቴ ይዘውት በወጡት አቡጀዲ ገነዝነው። ወርደው ለሕዝቡ፣ ሟቹ የኔ ወገን ነው ካሉ በኋላ፣ በረሃ ስላነፈረው ማንም እንዳያየው፣ ሆዱም ስለተነፋ እንዳይደነግጡ ተናገሩ። የሶላቱን ነገር ስጠይቃቸው በሹክሹክታ «ወላሂ፣ ለመኪና አልሰግድም» አሉኝና፣ ኮምቦልቻ ላይ ተሰግዶለታል ብለው አስወሩ።

ቃሬዛውን ሊቀመንበሩ ራሱ ባንድ በኩል ያዘ። ከባድ ሰው ነበር እያለ አዘነ። እኔ ጎማዬን እያሰብኩ ከልቤ አለቀስኩ፤ ስንት ሰው አቅፎ አጽናናኝ።

ከደጃፍ ሳንወጣ እናቴ ቃሬዛው ላይ ተደፋች። ፊቷን አቡጀዲው ላይ አድርጋ ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ። ጎማ መሽተቱን አውቃለች። ይኼኔ ሁሉ ነገር አበቃ አልኩ። እሷ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ልጄ፣ ልጄ እያለች ጮኸች። ያን ሁሉ ጊዜ ውጣ የያዘችውን አወጣችው። ደረቷን ደቃች፣ የወንድሜን ቁመት፣ አረማመዱን፣ ጥርሱን እየጠራች ሙሾ አወረደች። ሊቀመንበሩ፣ ያሳደገችው እሷ ናት መሰለኝ ብሎ እንባውን ጠረገ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አዝኜ አላውቅም፤ እንደዚያን ቀንም ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰው ሁሉ ቀብር ሲወጣ ሰፈሩ ባዶ ሆነ። የአጎቴ ሚስት፣ ባሏ በጆሮዋ ነግረዋት፣ ሟቹን በራሷ ሻሽና ቀሚስ ሸፍና ወደ አምባሰል ዘመዶቿ ይዛው ወጣች። መንገዱን ሙሉ አፍንጫውን ከባሏ አፍንጫ ጋር ስታስተያይ እንደነበር በኋላ ነገረችን። የእናቴ ወንድሞች ደግሞ የቆፈሩትን ባዶ መቃብር እያጉረመረሙ መልሰው ደፈኑት።

ደርግ ሲወድቅ ሰውየው ዶማ ተሸክሞ ከአምባሰል ወረደ። አግብቶ፣ ወልዶ፣ ጺም አብቅሏል። ጎማህን ላውጣልህ አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ያለ ስኮርታ ስነዳ ስለኖርኩ እሺ ብዬ ተከተልኩት። መቃብሩ ጋ ስንደርስ እናቴ ተቀምጣለች። ዶማውን አየችና አፈሩ ላይ እጇን ዘረጋች።

«አትንኩብኝ» አለች። «ልጄ እዚህ ነው ያለው።»

ሰውየው ዶማውን አስቀመጠ። ጫማውን፣ ሁለቱንም፣ አወለቀና አጠገቧ ተቀምጦ የበቀለውን አረም በእጁ ይነቅል ጀመር። እኔም ስኮርታ ሳልይዝ ወደ ወልዲያ ነዳሁ።