ባለ ግርማው

ሰውዬው በልብስ ሰፊዋ በር ብቅ ሲል ወሬ ይቋረጣል። ገና ሳይናገር ልብስ ሊያሰፉ የመጡት ሴቶች ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። ረጅም ነው፤ ጥቁር ካፖርቱ አርጅቷል እንጂ አንድም ቀን ተጨማዶ አያውቅም። ስሙን የሚያውቅ ስለሌለ “ባለ ግርማው” ይሉታል።

ያን ቀን የተተረተረ ገበሩን ሊያሰፋ መጥቶ፣ ካፖርቱን አውልቆ በሸሚዝ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ ገበሩን እየሰፋች፣ “ጋሼ፣ መቼም ግርማ ሞገስ ለእርስዎ ነው የተፈጠረው” አለችው።

የሰውዬው ጥርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

“ባለቤቴ ይህን ብትሰማ ሆዷን ይዛ ትንከተከት ነበር። እሷ ‘አንተ ወፈፌ!’ ነበር የምትለኝ። ድስት ራሴ ላይ ደፍቼ ስጨፍርላት ነው የኖርኩት።”

“እርስዎ? ድስት?”

“ታዲያስ! ካረፈች ወዲህ ማን ወፈፌ ይበለኝ? ግርማው ያኔ መጣ፤ እኔ መች ፈለግሁት።”

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ካፖርቱን ከኋላው ቆማ አለበሰችው። በሩ ጋ ሲደርስ “አንተ ወፈፌ!” ልትለው አፏን ከፈተች። ምላሷ ግን አልታዘዝ አላት።

“ደህና ይዋሉ፣ ጋሼ” አለችው።

እሱም የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ደፉ ላይ ጥቂት ቆመና፣ ኮሌታውን አስተካክሎ ወጣ።