በእህቴ አጥር የበቀሉት ሁለት እንዳሁላዎች

ከሰፈሬ ከሹም አቦ ማለዳ ወጣሁ፤ ለሽርሽር ግን አልነበረም። ታላቅ እህቴ የሺ ከእንፍራንዝ በታች ጣና ዳር ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀራት አንድ በሬ ነው፤ ጎረቤቷ አያ ደሴ ከእሳቸው በሬ ጋር አቀናጅተው በተራ ያርሱላታል። ሰሞኑን በእሷ ተራ የእሳቸው በሬ ግቢዋ አድሮ ሞተ። መርዘኛ ቅጠል አብልታ ገደለችው ተባለ። እኔ ፔዳ አካባቢ ችግኝ አፍልቼ የምሸጥ ነኝና፣ “ቅጠል ታውቃለህ፤ ና መስክርልኝ” ብላ ደወለች። መቀናጆው ከፈረሰ መሬቷ ጦም ያድራል።

መንገድ

አንዲት እናት ሹፌሩን “መንገዱ ሰላም ነው?” ሲሉት፣ “እስካሁን ሰላም ነው” አላቸው። ወረታ ላይ ወርደን ተፈተሽን። የፎገራ ሜዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ሽሮ በላሁ፤ ዋጋው ለሁለት ሰው፣ ሳህኑ ለሕፃን ነው። ከእንፍራንዝ በባጃጅ፣ ቀሪውን በእግር ወደ ሐይቁ ወረድሁ።

አጥሩ

የሺ ውሃ እንኳ ሳታቀርብልኝ ወደ አጥሩ ወሰደችኝ። እንዳሁላን የማያውቅ የለም፤ ወፍራም ቅጠሉን በእሳት አሙቀው ቀንበር የላጠው የበሬ ጫንቃ ላይ ያደርጉታል። እኔ ግን ሁለት ዓይነት አየሁ። የቆየው ግንዱ ልሙጥ፣ የደረቀ አበባው ነጣ ያለ ነው። በሩ አጠገብ ያለው ግንዱ ጠጉራም ነው፤ ሲነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል፤ አበባው ቢጫ ነው። ቅጠሉን ብቻ ላየ ሰው አንድ ናቸው። የአያ ደሴ በሬ ታስሮ ያደረው እዚያ ነበር፤ የጠጉራሙ ጫፍ ተግጧል። ክው አልሁ።

“ይኼን ከየት አመጣሽው?”

“ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ካለው አለት። ፊተኛው ሲሳሳብኝ አምጥቼ ተከልሁት። አበባ አልነበረውም፤ እንዳሁላ ብዬ ነው እንጂ!”

“ይኼ ሌላ ነው፣ እታለም። ከብት ከበላው ልቡን ይይዘዋል።”

ሰው አለመኖሩን ዞር ብላ አየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “አንድ ናቸው በልልኝ። ካንተ በቀር ማን ይለየዋል?” አለች።

እውነቷን ነው። ልዋሽላት ቆርጬ ነበር።

ዋርካው ሥር

የበሬውን ጉዳይ ሊዳኙ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሳለ አያ ደሴ ወደ እኔ ዞሩ። “የሷን ክፉ አልሻም። ጥጃዬም በዚያው አጥር ሥር ነው የሚውል። አጥሩ ደህና ነው ካልኸኝ አምንሃለሁ።”

ምነው ባላሉኝ! ያየሁትን ተናገርሁ።

በሬ በበሬ ይተካ ተብሎ ተፈረደ። የሺ የበሬዋን ገመድ ራሷ ፈትታ አስረከበች፤ ወደ እኔ አላየችም። ጠጉራሙን ብቻዬን ነቀልሁት። ላቃጥለው ብሞክር እርጥብ ነውና አልነድ አለ። “የወደቀ ቅጠሉ ስለሚበቅል እያየሽ ንቀይው” አልኋት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ቤት ገባች።

ቤቴ

ሁለቱን እንዳሁላ መለየት ቀላል ነው፤ ግንዱን መዳበስ ይበቃል። ጥጃው መትረፉን አውቃለሁ፤ እንቅልፌ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልሆነም። እውነት የተናገረ ሰው ልቡ ይቀለዋል ሲባል እሰማ ነበር። እኔ አልቀለለኝም።

ዝናቡ ሲጀምር ደወልሁላት።

“ጠጉራሙ በቀለ እንዴ?”

“በቅሏል።”

“ታዲያ ንቀይዋ!”

“ለምን ብዬ? አያ ደሴ እንደሆኑ በደጄ ማለፍ ትተዋል። ምን ከብት አለኝና ይበላዋል?”