የልብ ድካምና የቢቸና ሰላምታ

ልቤ ደክሟል ከተባለ ወዲህ ቤታችን ውስጥ እንደ ሹም ነኝ፤ ማለትም ምንም አልሠራም። ውኃ ልቅዳ ስል ጣሳው ከእጄ ይነጠቃል፤ በር ልክፈት ስል ባለቤቴ «አንተ ተቀመጥ!» ትላለች። ዕድሜ ልኬን ተማሪን «ተቀመጥ!» ስል የኖርኩ መምህር በጡረታዬ ብድሬን አገኘሁ። ዋል አደር ሲል እግሬ ሟሸሸ፤ የደጃችንን ደረጃ ለመውጣት ግድግዳ መደገፍ ጀመርኩ። ይሄኔ ነው የፈራሁት።

ሞጣ የሚያክመኝ ወጣት ሐኪም የሩቅ አገር ሰው ነው። «አባባ፣ መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ በየቀኑ ይራመዱ» አለኝ። «እርምጃው እያወሩ የሚሄዱበት፣ መዝፈን ግን የማይችሉበት ይሁን፤ ልኩ እሱ ነው። ደረትዎን ከያዘዎት ወይም ካዞረዎት ወዲያው ይቁሙ።» ምስኪን! ቢቸናን አያውቃትም።

እኛ ዘንድ ማውራትና መራመድ አብረው አይሄዱም። ሰው ሲያገኙ ቆሞ ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን መጠየቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን ገበያው ጋ ሳልደርስ ረፋዱ አለቀ፤ የደከመው ምላሴ ብቻ ነው።

በማግስቱ ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ። ለሰላምታው ሁሉ እጄን ብቻ እያነሳሁ፣ ሳልቆም፣ እርምጃዬን በሐኪሙ ልክ ነካ ነካ አደረግሁት። ለካ በእኛ አገር ሽማግሌ ሰላምታ ሳይጨርስ የሚያልፈው፣ ሰው ሲሞት ብቻ ነው! ገበያው ዳር ስደርስ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ብል ጎረቤቱ ሁሉ ተከትሎኛል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀዋል። የዕድሩ ዳኛማ ድንኳን እንዲወጣ ሰው ልኳል። ባለቤቴም መካከላቸው ነበረች፤ ማን እንደሞተ ሳታውቅ ታለቅሳለች።

«ጋሼ፣ ማን ነው ያረፈው?» አለኝ ዳኛው።

«እስካሁን ማንም» አልኩ በንዴት። «እንዲህ አስቀምጣችሁ ከጠበቃችሁኝ ግን ተረኛው እኔ ነኝ። ድንኳኑን አትመልሱት!»

ማንም አልሳቀም። ዳኛው መሬት መሬቱን አየ። ባለቤቴ ጠጋ ስትል ልትቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

«ከተነሣህ ትሞትብኛለህ ብዬ እኮ ነው» አለች።

ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰችና ክንዴን ያዘች፤ «በል፣ እንሂድ» አለችኝ። ወደ ቤት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ይዛኝ የሄደችው ወደፊት ነው፣ ከገበያው ማዶ።