ቤቶች ሳትይ አትግቢ

ጌም ውስጥ ሰው ቤት ስትገባ «ቤቶች!» ብላ የምትጣራ ልጅ ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ይህን ያስለመደችኝ እናቴ ናት።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች። አክስቴ ጌምና ፈተና አንድ ቤት አያድሩም ብላ ፈረደች። ስለዚህ ልጅቷ የጌም ማጫወቻውን በፎጣ ጠቅልላ፣ በታክሲ ከሲ.ኤም.ሲ ሲግናል ያለው እኛ ቤት ድረስ አመጣችውና በር ላይ እንደ ሕፃን አስታቀፈችኝ።

«ፈተናዬን ጨርሼ ስመጣ እወስደዋለሁ» አለች። «ስድስት ሳምንት አለሽ። እኔ የጀመርኩትን እንዳትነኪብኝ፤ የራስሽን ጀምሪ። ለነገሩ አንቺ ቀርፋፋ ነሽ፣ አንዱንም አትጨርሺም።»

ቀርፋፋ! በዚያች ቃል ምክንያት አንዱን ጌም ሳልጨርስ ላልመልስላት ወሰንኩ። የተፈቀደልኝ ግን ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ውስጡ ያሉትን ጌሞች ሁሉ ቀመስኳቸው። ስለ ጌም ያለኝ አስተያየት ብዙ ነው፣ ክፍላችን ውስጥ ሰሚ አጥቼ ነው እንጂ። ወንዶቹ ከኳስ ሌላ ጌም ያለ አይመስላቸውም። እኔ የፍልሚያ ጌም የምወደው ጣቴ ከሐሳቤ ሲቀድም ነው። ጥሩ የፍልሚያ ጌም ተሸንፈሽም ያስቅሻል፤ መጥፎው ደግሞ ጠላትሽን ከጀርባሽ አምጥቶ ግድግዳ ያሳይሻል። የጀብዱ ጌም የሚባለው፣ ገጸ ባሕሪዋን ራስሽ የምታሳድጊው ማለት ነው፣ እሱ ሌላ ፍቅር ነው። «ዓለም ልትጠፋ ነው፣ ፍጠኚ!» ይሉሻል፣ አንቺ ሦስት ቀን ሙሉ ዓሣ ታጠምጃለሽ፣ ማንም አይቆጣሽም። እንዲህ ያለ ነፃነት እኔ በሕይወቴ አላየሁም።

ከሁሉም የመረጥኩት ጦረኛዋ ሴት በፈረስ ተራራ ለተራራ የምትዞርበትን ነው። እውነተኛ ስሙ ረጅም ነው፤ እናቴ «የፈረሷ ጌም» ስላለችው እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። የመረጥኩበት ምክንያት ዳገቱ ነው። ብዙ ጌም ላይ ፈረስ ዳገቱንም ሜዳውንም እኩል ይጋልባል፣ ያ ውሸት ነው። የእኔዋ ፈረስ ዳገት ላይ ታዘግማለች፣ ትተነፍሳለች፣ ትንፋሿም በብርድ ይታያል። በጠዋት እንጦጦ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህን የሠራው ሰውዬ አንድ ቀን በእግሩ ዳገት እንደወጣ ይገባዋል።

እናቴ አስተማሪ ናት። የተማሪ ፈተና አርማ ስትጨርስ ኪሮሿን ይዛ አጠገቤ ትቀመጣለች። የመጀመሪያው ቅዳሜ አንዲት ጎጆ ውስጥ ዘው ብዬ ገብቼ ማሰሮዎቹን መክፈት ጀመርኩ።

«ቆይ ቆይ። የማን ቤት ነው?»

«የሆነች አሮጊት።»

«የታሉ እሳቸው?»

«ያው፣ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።»

ኪሮሿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ዓይናቸው እያየ ነው ማሰሯቸውን የምትበረብሪው?»

«እማዬ፣ ጌም ነው እኮ! ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚጫወተው።»

«ሁሉም ሌባ ከሆነ እኔ ምን አገባኝ? የእኔ ልጅ ሰው ቤት ስትገባ ‹ቤቶች!› ትላለች። የሰው ማሰሮ አትከፍትም። አይ ካልሽ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል።»

ችግሩ መድኃኒቱ ያለው ማሰሮዎቹ ውስጥ መሆኑ ነው። ስትቆስይ የሚያድንሽ ቀይ ብልቃጥ ከሌለሽ ትሞቺያለሽ፣ በቃ። ቢሆንም ቴሌቪዥኑ ከሚጠፋ ብዬ እያንዳንዱ በር ላይ ጮክ ብዬ «ቤቶች!» እል ጀመር። ማንም «ደጆች!» አይለኝም። እናቴ አንዳንዴ አሮጊቷን ሆና ከሶፋው ትመልስልኛለች፤ «ደጆች! ግቢ ልጄ፣ እግርሽን ጥረጊ።»

በዚህ አያያዛችን ሌላው ሰው በአንድ ቀን የሚያልፈውን እኔ በሁለት ሳምንት አለፍኩ። እናቴ ግን ተለከፈች። ቁርስ ላይ «ያቺ ፈረስ ወንዙን ተሻገረች?» ትላለች። እየጋለብኩ ሳለ «አሳርፊያት እንጂ፣ አንቺ ላይ ቢወጣብሽስ?» ትላለች። ስለዚህ አሳርፋታለሁ፣ ቁጭ ብለን ፈረሷ ሣር ስትግጥ እናያለን። እውነቱን ልናገር፣ ከጌሙ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። አንድ ጉብታ ላይ ስንደርስማ «ይቺ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ያለችውን ዳገት ቁርጥ አይደለችም?» አለች። ጭጋጉ ሳይቀር ቁርጥ ነበር።

የመጨረሻው እሑድ ጌሙ የሚያልቅበት ዋሻ በር ላይ ደርሰን መብራት ሄደ። እስከ ማታ አልመጣም። ዓርብ ማታ የአክስቴ ልጅ ደወለች። «ፈተና አለቀ! ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። ጨረስሽ?» «ትንሽ ቀረኝ» አልኳት። ሳቋ ግን ተሰማኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ከእኔ ቀድማ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ዋሻው ውስጥ ያለው ባለ ሦስት ራስ ጭራቅ ገደለኝ። ደገምኩ፣ ገደለኝ። ሰባት ጊዜ! በሰባተኛው አንድ ራስ ብቻ ቀርቶት ነበር፣ እኔ ግን አንዲት ብልቃጥ እንኳ የለኝም። ጆይስቲኩን አስቀምጬ ዓይኔን ጠረግሁ። ሰዓቱ ስድስት ሊሞላ ነው።

እናቴ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ያቺ የመጀመሪያዋ አሮጊት... ቤታቸው ሩቅ ነው?»

«ለምን?»

«ሰው ሲቸግረው ጎረቤቱን ይጠይቃል ብዬ ነዋ።»

«እማዬ! ማሰሮ እንክፈት እያልሽ ነው?»

«እንዋስ ነው ያልኩሽ! ዝም ብለሽ ጋልቢ።»

ጋለብኩ፣ ዳገቷ ላይ ግን አሳረፍኳት። በሩ ላይ ሁለታችንም አንድ ላይ «ቤቶች!» አልን። እናቴ ለቴሌቪዥኑ «እማማ፣ ይቅርታ፣ ቸግሮን ነው፣ እንመልሳለን» አለች፣ እየቀለደች አልነበረም። ሦስት ቀይ ብልቃጥ ወሰድኩ። ተመልሼ ሦስቱንም ጠጣሁ፤ የመጨረሻውም ራስ ወደቀ። እናቴ እልል አለች፣ ኪሮሿም ከነክሩ ተንከባለለ።

ከጭራቁ ዋሻ ብዙ ብልቃጥ ተገኘ። «በይ አሁን መልሺላቸው» አለች። ማሰሮው ግን ይከፈታል እንጂ ምንም አይከተትበትም። ጌሙን የሠሩት ሰዎች የሚመልስ ሰው ይመጣል ብለው አላሰቡም! መሬት ላይ ማስቀመጥ ይቻል ስለነበር ማሰሮው ሥር በተርታ ደረደርኳቸው።

«አንድ ምራቂ ጨምሪላቸው» አለች እናቴ። አራት ሆኑ። እዚያው ሴቭ አደረግሁ። ወዲያው በር ተንኳኳ።

የአክስቴ ልጅ እንደጨረስኩ ብነግራት አላመነችም። ጌሙን በፎጣዋ ጠቅልላ «ቤት ሄጄ አየዋለሁ» ብላ ወጣች። ማታ ደወለች።

«አንቺ! እውነትሽን ነው፣ ጨርሰሻል። ግን የአሮጊቷ ቤት ውስጥ አራት ብልቃጥ መሬት ላይ የተደረደረው ምንድን ነው? ላነሳው ነው።»

«እንዳትነኪ! የሳቸው ነው!»

እናቴ ከሶፋው ላይ «ስትገባ ‹ቤቶች!› ብላለች? ጠይቂያት» አለች። ጠየቅኳት።

«እሺ ቆይ» አለችኝ የአክስቴ ልጅ፣ «ልውጣና እንደገና ልግባ።»