ከል ለብሶ ኮንሰርት

ሸዋአየሁ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ አንድም ቀን ፈቃድ ወጥታ አታውቅም። ካዛንቺስ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ወጥ ሠሪ ናት። ዘንድሮ የአስተዳደሩ ሰውዬ ጠራትና «ሸዋዬ፣ ሰኔ ሳያልቅ ካልወጣሽ ፈቃድሽ ይቃጠላል» አላት። ይቃጠል ልትለው ምንም አልቀራትም ነበር። የት ልትሄድበት? ባሏ ደጋጋ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ከል የለበሰች ሴት ፈቃድ ስትወጣ ቤት ነው የምትቀመጠው። ቤት ደግሞ እትዬ ጃለኔ አሉ።

እትዬ ጃለኔ የደጋጋ ታላቅ እህት ናቸው። ለቀብር መጡ፣ አርባውን ላውጣ አሉ፣ ከዚያ ሙት ዓመቱን ላድርስ ብለው ቡልጋሪያ ሰፈር እነሸዋአየሁ ቤት ቀሩ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ግን ሐዘኑን እንደ ሥራ ይዘውታል። ሬዲዮ ከተከፈተ ይዘጋሉ። ሸዋአየሁ ጎረቤት ጋ ቆማ ጥርሷ ብልጭ ካለ «ሳቅ መጣልሽ?» ይሏታል። እሷም ወደ ቤት ትገባለች። መከራከር የሚያስችል ጉልበት ካጣች ቆይታለች፤ ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ሰው ቤት ከገባች ጀምሮ የታዘዘችውን መሥራት ነው የለመደችው።

ፈቃድ በወጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ጃለኔ ከጎረቤት የተቀበሉትን ስልክ አፍንጫዋ ድረስ አስጠጉላት።

«ይቺ ማናት? ልጅሽ አይደለችም?»

ልጇ ነበረች። ቢሊሴ፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ፈተና ጨርሳ ትምህርት ቤት የተዘጋላት። ቤዝ ጊታር አንግታ ከሦስት ልጆች ጋር ቆማለች። ከፎቶው ሥር የሮክ ኮንሰርት ይላል፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት፣ መስቀል ፍላወር፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ።

«ኮርስ ነው የምሄደው ብላኝ ነበር» አለች ሸዋአየሁ።

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ልጁ መድረክ ላይ ልትጨፍርበት! ሂጂና ከዚያ አውርደሽ አምጪልኝ። አለዚያ እኔው ሄጄ፣ እዚያው መድረኩ ላይ ሙሾ አወርዳለሁ።»

የሚሉትን የሚያደርጉ ሴትዮ ናቸው። ሸዋአየሁ ነጠላዋን አደገደገች፣ ጃንጥላ ያዘችና ወጣች።

መንገዱን ሙሉ ያሰበችው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከል ለብሳ ዘፈን ደጃፍ ስትቆም ሰው ምን ይላል? የሚያውቃት ቢያያትስ? ጥግ ላይ ታጥፋ ሆቴሉ በር ስትደርስ ግን ባለችበት ቀጥ አለች። ሰልፉ በሙሉ ጥቁር ነው። ጥቁር ካናቴራ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ጫማ፣ ጥፍሩን ሳይቀር ጥቁር የተቀባ ልጅ። የስንቱ ቤት ነው ያዘነው? አለች በሆዷ።

ዘበኛው ጃንጥላዋን ከፍ አድርጎ አያት። «ማዘር፣ እርስዎም ሮከር ነዎት?»

ሰልፉ ሳቀ። አፍንጫዋን የተበሳች ልጅ የሸዋአየሁን ቀሚስ ነካ አደረገች። «ሲያምር! ከየት ነው የገዙት?»

«አልገዛሁትም። ያለኝን ጥቁር አስነክሬው ነው።»

«ወይኔ! በቃ፣ ከዚህ በላይ ስታይል የለም!»

ስምንት ወር ሙሉ ያያት ሰው ሁሉ ከንፈሩን ሲመጥ ኖሮ፣ ዛሬ ቀሚሷን አወደሱላት። ምን እንደሚሰማት ግራ ገባት። የቤዝ ጊታሯ ልጅ እናት ነኝ ብትል ዘበኛው ወደ ውስጥ ተጣራ፤ አንዲት ጥቁር ሂጃብ ያደረገች ልጅ የከበሮ ዱላዎች እንደያዘች ሮጣ መጣች።

«የቢሊሴ እናት! ኑ፣ ኑ ይግቡ። ሂባ እባላለሁ። ድራም የምመታው እኔ ነኝ። እሷ ጊታር እያስተካከለች ነው፣ ልጥራት?»

ኮሪደሩ ውስጥ መብራቱ ሲያርፍባት ሂባ እርምጃዋን ቀነሰች። መጀመሪያ ጥለቱ ወደ ላይ የዞረውን ነጠላ አየች፣ ቀጥሎ ከሻሹ ሥር የተላጨውን ፀጉር። የከተማ ልጅ ብትሆንም ይኼ አይጠፋትም።

«እትዬ... ሰው ሞቶባችኋል እንዴ?»

ሸዋአየሁ ቆመች። «ቢሊሴ አልነገረችሽም?»

«ምንም አላለችን። ሰባት ወር አብረን ስንለማመድ... ሁልጊዜ ጥቁር ትለብሳለች፣ ማለቴ፣ ሁላችንም ጥቁር ነው የምንለብሰው። ማን ነው የሞተው?»

ያኔ ገባት። ሰፈር ውስጥ ቢሊሴ የሟች ልጅ ናት። ትምህርት ቤት መምህራኑ ትከሻዋን ይደባብሷታል፣ ባለ ሱቁ ዳቦ ሲሰጣት ይተክዛል፣ ቤት እትዬ ጃለኔ አሉ። እዚህ ብቻ ነው ማንም የማያዝንላት። ልጇን ከመድረክ ልታወርድ መጥታ፣ አሁን ይህችን አንድ ቦታ በአንድ ቃል ልታፈርስባት ነው።

«ዘመድ ነው» አለች። «የሩቅ ዘመድ።»

ደጋጋን ነው እንዲህ ያለችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ነው።

«ነፍስ ይማር። ልጥራት?»

«ተያት። ከኋላ ሆኜ ልያት።»

ሙዚቃው ሲጀምር ሆዷ ውስጥ ገብቶ መታት። ዘፈን ነው ወይስ ጠብ ነው፣ አልለይ አላት። ልጆቹ ይዘላሉ፣ ይጮኻሉ። ቢሊሴ ግን አልጨፈረችም፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ጣቶቿ ብቻ ይሮጣሉ። አንዴ የሆነ ነገር ስታ ወደ ሂባ ዞረችና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ሸዋአየሁ ልጇ ስትስቅ መጨረሻ ያየችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረችና አቃታት። እስኪያልቅ ድረስ ቆመች። እትዬ ጃለኔ እንደሚጠብቁ እያወቀች ቆመች።

ሂባ ለቢሊሴ እናቷ መምጣቷን ነግራት አብረው ሲወጡ ገና አልመሸም፤ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ነበር። ቢሊሴ ጊታሯን አዝላ ቀድማ ትራመዳለች። ሸዋአየሁ ለምን መጣሽ የሚል ቁጣ ስትጠብቅ፣ የመጣው ሌላ ነው።

«እማዬ፣ ሂባን ምን አልሻት?»

«ዘመድ አልኳት። ለአንቺ ብዬ ነው።»

«አባዬን? የሩቅ ዘመድ?»

«አንቺስ ምን ብለሻቸው ነበር?»

«ምንም አላልኩም! ዝም ማለትና መካድ አንድ ነው እንዴ?» ሰው ዞር ብሎ አያቸው። «እኔ አልካድኩትም። ማንም ስሙን እንኳን ሳይጠራብኝ ለብቻዬ ይዤው ነበር። አንቺ ግን...»

ሸዋአየሁ ትክክል ያደረገች መስሏት ነበር።

አንድ የተዘጋ ጋራዥ ቆርቆሮ ሥር ቢሊሴ ቆመችና ስልኳን አወጣች። ደወለች። «ሂባ፣ ዘመድ አይደለም። አባቴ ነው። ጥቅምት ላይ ነው የሞተው።» ከወዲያ ማዶ ሂባ «ውይ! ውይ ቢሊሴ!» ስትል ሸዋአየሁ ድረስ ተሰማ። ቢሊሴ ለረጅም ጊዜ እሺ፣ እሺ እያለች ቆየችና ዘጋችው።

«ነገ ሁሉም ልቅሶ ሊደርሱ ይመጣሉ» አለች። «በቃ። ከእንግዲህ እነሱም እንደ ሰፈሩ ሰው ነው የሚያዩኝ።»

ሸዋአየሁ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ አልገፋቻትም፣ አልተጠጋችምም። እንደዚያው ጎን ለጎን ሄዱ።

ግቢው በር ላይ እትዬ ጃለኔ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቆመዋል። ሸዋአየሁ ጊታሩን ከልጇ ትከሻ ላይ አወለቀች፣ በራሷ ትከሻ አነገተችውና ቀድማ ሄደች።