ያልገባው ቅጽ

ከራቤል ተነስተን ዩኒቨርሲቲ የገባነው እኔና ጓደኛዬ በአንድ ቀን ነው። እናቷ የክርስትና እናቴ ናቸው። ስለዚህ የዶርም ልጆች «ምንና ምን ናችሁ?» ብለው ሲጠይቁን «እህትማማቾች» አልናቸው፤ ማንም አልተጠራጠረም። ከተደራረበው አልጋ ላይኛው የኔ፣ ታችኛው የሷ ሆነ። ብርድ የለመድን የጊሼ ልጆች ስለሆንን ሌሎቹ ጋቢ ላይ ጋቢ ሲደርቡ እኛ መስኮት እንከፍታለን ብለው ይስቁብን ነበር።

ቢዝነስ ኮሌጅ የገባነው ተመካክረን ነው። የመጀመሪያው ዓመት አልቆ ዲፓርትመንት ስንመርጥ ሁለታችንም አንደኛ ምርጫችን ላይ አካውንቲንግ ሞላን። ምደባው በውጤት ስለሆነ እኔ ሳልጨነቅ ገባሁ። እሷ ግን የመጨረሻዋ ገቢ ነበረች። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሟን ከታች ወደ ላይ መፈለግ ጀመርንና ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ አገኘነው። አቅፋኝ አለቀሰች።

«አንቺ ባታስጠኚኝ እዚህ ዝርዝር ላይ አልደርስም ነበር» አለችኝ።

ሁለተኛው ዓመት ከበዳት። መጨረሻው ላይ ዋርኒንግ መጣባት። በደንቡ መሠረት ዋርኒንግ ላይ ያለ ተማሪ በሚቀጥለው ሴሚስተር ነጥቡን ካላነሳ ይባረራል። ለቤቷ አልተናገረችም፤ እኔም ምስጢሯን ያዝኩላት። ክረምቱን እቤታችን ስትመጣ እናቴ «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቃት ቀድሜ «ጎበዝ ናት» እያልኩ እመልስላት ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ስንገባ አንዱ መምህር ሁለት ሁለት አድርጎ ለቡድን ሥራ መደበን። የንግድ ዕቅድ አዘጋጅተን ክፍሉ ፊት ማቅረብ ነበረብን። እኛ ስለ መንዝ ባና፣ ከበግ ፀጉር ስለሚሸመነው ብርድ ልብስ፣ ለመሥራት ተስማማን። ዘመሮ ገበያ ላይ ባና የሚሸጡ ሴቶችን አናግሬ፣ ሱፉ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚፈትለው፣ ማን እንደሚሸምነው ጠይቄ ጻፍኩት። እሷ ቤተ መጻሕፍት አጠገቤ ተቀምጣ ጽሑፉን በእስክሪብቶ ትገለብጣለች። ሥራው ጥሩ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ከዋርኒንግ የሚያወጣት እሱ እንደሆነም እናውቅ ነበር።

ኅዳር ላይ እናቴ ወደቀች። ማለዳ ከማሳ ስትመለስ ውርጭ የጋገረው ድንጋይ አንሸራትቷት ዳሌዋ ተሰበረ። አባቴና ወንድሞቼ አጨዳ ላይ ናቸው። እሷን የምታገላብጥ፣ የምታጥብ፣ የምታበላ ሴት ልጅ ከኔ ሌላ ቤቱ ውስጥ የለም። አባቴ ደውሎ «ነይ» አላለኝም። «ትምህርትሽን እንዴት ትተዪዋለሽ? ምን እንደምናደርግ እንጃ» ብሎ ዝም አለ። ዝምታው ከመጥራት አይተናነስም።

አማካሪዬ የነበረች መምህርት አስቀምጣ አስረዳችኝ። «ዝም ብለሽ ከሄድሽ ፈተና ያልተቀመጥሽባቸው ኮርሶች ሁሉ ኤፍ ይሆናሉ። ዊዝድሮ፣ የማቋረጫውን ቅጽ ሙዪ። የሐኪሙን ወረቀት አያይዢ። ቅጹ በወቅቱ ሬጅስትራር ከገባ ነጥብሽ አይነካም፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ሴሚስተር ትመለሻለሽ። የመጨረሻው ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እንዳያልፍሽ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ሮጥኩ። ለዲፓርትመንቱ አማካሪዬ ፈረመች። ቤተ መጻሕፍቱ፣ ዶርሙ፣ ካፌው ፈረሙ። ፎቶዬ በስቴፕለር ተመታበት። ዓርብ ከሰዓት ሬጅስትራር ስደርስ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ሠራተኞቹ ስብሰባ ናቸው ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ከሆስፒታል ትወጣለች፤ ተሸክሞ ወደ ቤት የሚወስዳት መኪና ተገኝቶ እኔን ይጠብቃል።

ቅጹን ለጓደኛዬ ሰጠኋት።

«ሰኞ ጠዋት ልክ ሲከፍቱ ታስገቢልኛለሽ።»

«ምን ትጨነቂያለሽ? ሂጂ፣ እናታችንን አስታሚልን» አለችኝ። ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ አድርጋ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን ይዛልኝ ሸኘችኝ። መኪናው እስኪነሳ በመስኮቱ እጄን ይዛ ቆማ ነበር።

ቤታችን አካባቢ ስልክ እንደልብ አይሠራም። ማክሰኞ ዕለት ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ወጥቼ ደወልኩላት።

«አስገባሽው?»

«ትናንት ጠዋት። ማኅተም መትተው ነው የተቀበሉኝ።»

ማኅተሙን ሳይቀር ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ከሐሳቤ አወጣሁት።

እናቴን አስታመምኳት። ፋሲካ ሲደርስ በምርኩዝ ደጅ መውጣት ጀመረች፤ በክረምቱ ምርኩዟን ጣለች። ጓደኛዬ በክረምቱ እረፍት መጥታ ለእናቴ ስኳር ይዛ ጠየቀቻት። ከዋርኒንግ እንደወጣች ነገረችኝ፤ ደስ አለኝ። ባናው ላይ የሠራነው ሥራ ከክፍሉ አንደኛ እንደወጣም ነገረችኝ። «ስምሽም አለበት» አለችኝ። ያን ጊዜ እንዴት ስሜ ሊኖርበት እንደቻለ መጠየቅ ነበረብኝ። ያቋረጠ ተማሪ ስም ከመምህሩ ዝርዝር ላይ ይሰረዛል። ግን ሰው እህቱን እንዲህ አይመረምርም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

በጥቅምት ሻንጣዬን ይዤ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ቆምኩ። ሠራተኛዋ መታወቂያዬን አይታ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገችኝ፣ ደግማ ፈለገችኝ።

«ዲስሚስ ሆነሻል እኮ፤ ተባረሻል» አለችኝ።

«እኔ ዊዝድሮ ነው የሞላሁት።»

«እዚህ የገባ ዊዝድሮ የለም። አምስቱም ኮርስ ኤፍ ነው የሚለው።»

የተቀባዩን መዝገብ አውጥታ ያኔ የገቡትን ቅጾች ዝርዝር በጣቷ እየጠቆመች አሳየችኝ። ስሜ የለም። ሻንጣዬን እዚያው ጥበቃዎቹ ጋ ትቼ ወደ ዶርም ሮጥኩ። ጓደኛዬ ፀጉሯን እያበጠረች ነበር። ነገርኳት። ማበጠሪያው ፀጉሯ ውስጥ ቆመ።

«ጥለውት ነው የሚሆነው» አለች። «እኔ አስገብቻለሁ። ጥለውብሽ ነው።»

አመንኳት። እንዲያውም ሬጅስትራሩን እየረገምኩ ይግባኝ ጻፍኩ፤ ምስክር ብዬም የእሷን ስም ጻፍኩ።

ኮሚቴው በሳምንቱ ጠራን። አራት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢው ዕድሜያቸው የገፋ ረጋ ያሉ መምህር ነበሩ። የሬጅስትራሩም ሠራተኛ መዝገቧን ይዛ ተቀምጣለች። ሰብሳቢው ወደ ጓደኛዬ ዞር አሉ።

«ቅጹን አንቺ ነሽ ያስገባሽው?»

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«በየትኛው መስኮት? ማን ተቀበለሽ?»

ሠራተኛዋን አየች፣ መዝገቡን አየች፣ ቀጥላ መሬት አየች።

«የሰጠችኝ ቅጽ የለም» አለች።

መጀመሪያ በትክክል ያልሰማሁ መሰለኝ። ሰብሳቢው «ምን አልሽ?» አሉ።

«እሰጥሻለሁ ብላኝ ነበር። ሳትሰጠኝ ሄደች።»

«አንቺ!» አልኩ። ሰብሳቢው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ። የወጣው ውሳኔ አጭር ነበር፤ ቅጹ ለእሷ ስለመሰጠቱም ሆነ ስለመግባቱ ማስረጃ የለም፣ ውጤቱ ይጸናል።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኋት። በሌላ በር ወጥታ ሄዳለች። ስልኳን አታነሳም። ማታ ወደ ዶርሙ ብሄድም ከውሳኔው ወዲያ ተማሪ ስላልሆንኩ ጥበቃዋ አላስገባችኝም። በማግስቱ ሻንጣዬን ሳልፈታው ይዤ ወደ ራቤል ተመለስኩ።

ለቤተሰቤ «ቅጹ ጠፋ» አልኩ። የማን ጥፋት እንደሆነ አልተናገርኩም። ብናገር የክርስትና እናቴ እንዴት አድርገው በሰፈሩ ይሄዳሉ? ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ አፌን ከፍቼ ብናገረው እውነት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ሥራ ሁሉ እያስጠላኝ፣ ሰው «መቼ ትሄጃለሽ?» ሲለኝ እየተሸማቀቅኩ ወራቱ አለፉ። ከሁሉ ያቃጠለኝ መባረሩ አልነበረም። በክረምቱ እቤታችን መጥታ፣ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ፣ ስኳሩን በእጇ ስትሰጣት የነበራት ፊት ነው። ያን ፊት ደጋግሜ አስበዋለሁ፤ ምንም ነገር አይታይበትም ነበር።

ሁዳዴ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የክርስትና እናቴ ወደ ቤታችን መጡ። ለበዓሉ የቤታቸውን ግድግዳ ወረቀት እየለጠፉ እንደነበር እጃቸው ላይ በደረቀው የዱቄት ሙጫ ያስታውቃል። ማንበብ አይችሉም። ልጃቸው በክረምቱ ትታው የሄደችውን የአሮጌ ደብተር ጆንያ ፈትተው ገጹን እየገነጠሉ ሲለጥፉ ነው የዋሉት። ከነጠላቸው ስር የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ይኸ ያንቺ ፎቶ አይደለም?»

ቅጹ ነበር። ፎቶዬ፣ አራቱ ፊርማዎች፣ ቀኑ፣ የሐኪሙም ወረቀት ከኋላው ተያይዞ። መደብ ላይ ተቀመጥኩ።

«ከደብተሯ ውስጥ ወደቀ። ፎቶሽን አይቼ እንዴት ግድግዳ ላይ እለጥፋታለሁ ብዬ ነው ያመጣሁት። ምንድን ነው?»

«ምንም አይደለም፣ እማ። ይተዉት።»

«እኔን ነው ምንም አይደለም የምትዪኝ? ፊትሽ እንዲህ ሆኖ?» ጠጋ ብለው ተቀመጡ። «ይኸ ነው ጠፋ ያላችሁት ወረቀት?»

መዋሸት አልቻልኩም። ራሴን ነቀነቅኩ።

እናቴ ከጓዳ «ማነው የመጣው?» አለች። ሙጫውን ከጣታቸው እየላጡ ሳያዩኝ ተናገሩ።

«አንቺ ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ። ማን ሰጠሽ ቢሉሽ እናቷ ሰጠችኝ በይ። አትፍሪ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁሽ።»

ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እናቴን እንኳ ሳይሰናበቱ ነው የሄዱት።

ኮሚቴው ዳግም ተሰበሰበ፤ ቅጹን እናቷ እንደሰጡኝ ተናገርኩ። ሰብሳቢው ቅጹን ወደ ብርሃን አንስተው ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አዩ። አማካሪዬም መጥታ «ፊርማው የኔ ነው፣ ቀኑም ትክክል ነው» ብላ መሰከረችልኝ። ኤፎቹ እንዲነሱ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዳግም ቅበላ እንድመለስ ወሰኑ።

«ግን ስሚ» አሉኝ ሰብሳቢው። «ደንቡ ባለጉዳዩ ራሱ፣ ወይም በጽሑፍ የወከለው ሰው ያስገባ ነው የሚለው። በቃል ለሰው ሰጥቶ መሄድ የአንቺ ጥፋት ነው። ይኽም ይመዘገባል።»

«እሺ» አልኩ።

«ልጅቷን በተመለከተ ማመልከቻ ብትጽፊ ለዲሲፕሊን እንመራዋለን። ለኮሚቴ መዋሸት ቀላል አይደለም። ዘንድሮ ተመራቂ መሆኗንም ዕወቂ።»

ባዶ ወረቀት ገፉልኝ። የመጀመሪያውን መስመር ጽፌ ነበር። ግን ያ ቅጽ ከማን እጅ እንደመጣ አስቤ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ደግነት አልነበረም። እሷን ይቅር አላልኳትም፤ እናቷን ግን በገዛ እጃቸው ልጃቸውን አሳልፈው እንዲሰጡ ላደርጋቸው አልቻልኩም።

ከቢሮው ስወጣ ልብስ ማስጫው ጋ አገኘኋት። የምትሸሽበት አልነበራትም። እርጥብ አንሶላ እጇ ላይ ነበር።

«ለምን?» አልኳት።

«ቅጹ ከገባ ከመምህሩ ዝርዝር ትወጫለሽ። ቡድኑ ፈረሰ ማለት ነው። ሌላ ቡድን ገብቼ እንደ አዲስ ብጀምር እወድቅ ነበር።» ቃሉን ያጠናችው ይመስል ቶሎ ቶሎ ነው የምታወራው። «ካቀረብኩ በኋላ ላስገባው ነበር። የሚያቀርቡበት ቀን ተራዘመ። ስወስደው ቀኑ አልፏል አሉኝ።»

«በስልክ ማኅተም መትተው ተቀበሉኝ ያልሽኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው።»

አንሶላውን መጭመቅ ጀመረች።

«ኮሚቴው ፊትስ? እንዲያ ተቀምጬ እያየሁሽ?»

«ፈራሁ። ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ ስባረርስ?»

«አንቺ ጎበዝ ነሽ። እንደምንም ትመለሻለሽ ብዬ አሰብኩ።»

ይህን ስትል ከልቧ ነበር። ከሁሉ የባሰብኝም እሱ ነው። ዓመታት ያስጠናኋት፣ ምስጢሯን የያዝኩላት፣ ለእናቴ ሳይቀር «ጎበዝ ናት» ያልኩላት ሁሉ እሷ ዘንድ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ እኔ ብወድቅ የምችለው ሰው ነኝ። ሌላ ምንም ሳልላት ሄድኩ።

ሐምሌ ላይ ተመረቀች። ከራቤል የሷ አጎቶችና ጎረቤቶች አንድ ሚኒባስ ሞልተው ሄዱ። እናቷ አልሄዱም። እግሬን አሞኛል አሉ። በዚያው ቀን ዝናብ እያካፋ በእግራቸው እኛ ቤት መጥተው እናቴ አጠገብ ተቀምጠው ሱፍ ሲፈትሉ ዋሉ። እናቴ ነገሩን ከሳቸው አፍ ሰምታ ኖሮ ስለ ምረቃው አንድም ቃል አላነሳችም። ስለ ገብሱ ቡቃያና ስለ በጎቹ በሽታ ሲያወሩ ዋሉ። ሲሄዱ ደጅ ድረስ ሸኘኋቸው።

«እኔ አሳድጌአት ነው» አሉኝ።

«እርስዎ ምን አጠፉ?»

«እንጃ። አላውቀውም። ያጠፋሁትን ነገር እየፈለግኩ ነው።» ጉንጬን ስመው ወረዱ።

በሚቀጥለው ዓመት ተመለስኩ። ሥርዓተ ትምህርቱ ተለውጦ ስለነበር የወሰድኳቸው ሁለት ኮርሶች አይያዙልሽም ተባልኩ። ከማላውቃቸው ልጆች ጋር ተማርኩ። የቡድን ሥራ ሲኖር ድርሻዬን ጽፌ ስሜን ራሴ እፈርምበታለሁ፤ ለማንም አልሰጥም። ልጆቹ ኩሩ ናት ይሉኝ ነበር። ዘግይቼ ተመረቅኩ። አሁን በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ በሂሳብ ሠራተኝነት እሠራለሁ፤ እሷ ከተማ ባንክ ውስጥ ናት።

ለበዓል ትደውልልኛለች። አነሳላታለሁ። «እንኳን አደረሰሽ» ትለኛለች፤ «አብሮ ያድርሰን» እላታለሁ። ስለ ሥራ ትጠይቀኛለች፤ ደህና ነው እላለሁ። ባለፈው ፋሲካ ግን «እማዬ ስለኔ ምን ትላለች?» አለችኝ።

«ምንም አይሉም» አልኳት።

እውነቴን ነው። ስለሷ ምንም አይሉም።