ኮከቦቹን ያጠፋሁ ዕለት

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ጅቡቲ ያለው ማኅበራችን ወደ የመን የሚሻገሩ ያገራችንን ልጆች ስም ድረ ገጽ ላይ እንዳወጣ ሰጠኝ፤ ዘመድ ስም ጽፎ እንዲፈልግ። ስሞቹን ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ሻይ የሚሸጡ አንድ እናት በደብተር ሲመዘግቡ ኖረዋል። አንድ የማኅበሩ አባል ነው ደብተሩን እንዳለ ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ ያመጣልኝ።

ድረ ገጹ ግን የትኛውም ስም ቢጻፍለት «አልተገኘም» ይላል። አሬዩን፣ ስሞቹ በተርታ የተቀመጡበትን ዝርዝር፣ ከፍቼ ሳየው ድርብ ክፍተት፣ ጭረት፣ ነጥብ፣ እዚህም እዚያም ኮከብ ሞልቶበታል፤ የሚጻፈው ስም የማይገጥመው ለዚህ ነበር። ሰው ቤት እየሠራሁ የማታ ትምህርት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ የተዝረከረከ ጽሑፍ ሳይ እጄን ይበላኛል። ከየስሙ ላይ ፊደል ያልሆነውን ሁሉ አጥፍቶ፣ በስምና በአባት ስም መካከል አንድ ክፍተት ብቻ የሚያስቀር የኮድ መስመር ጻፍኩ። ንጹሑን በአሮጌው ምትክ አስቀመጥኩ። ቅጂ አላስቀረሁም።

አርብ ረፋዱ ላይ፣ ራስ ዲካ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ማኅበሩ ቢሮ መጣች። የታናሽ እህቷን ስም ጻፈች። ወዲያው ወጣ።

«ተገኘች!» አልኳት።

«ስሟማ አለ። ኮከቡስ?»

«የምን ኮከብ?»

«ባለ ሻይዋ እትዬ እኮ፣ ማዶ ደርሶ ለደወለ ሰው ስሙ ጎን ኮከብ ያደርጋሉ!»

ያጠፋሁትን ነገርኳት። ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። «ሰባት ሰዓት ላይ ማዳም ትጠብቀኛለች፤ ነይ ቶሎ!»

በዚያ ወበቅ ከእኔ ሁለት እርምጃ እየቀደመች፣ ስልኳን እያየች፣ ካርቲየ 6 ደረስን። እትዬ ነገሩን ሰምተው ደብተሩን ከብርጭቆ መደርደሪያው ሥር አወጡ።

«ሰው ቤት ስትጠርጊ ኖረሽ፣ የኔንም ጠረግሽልኝ?»

ልጅቷ ሳቀች። እኔ አልቻልኩም። ገጹን ገለጡ፤ የእህቷ ስም አለ። ከጎኑ ምንም የለም።

«ረስተው ይሆን፣ እትዬ?»

«ይቺንስ አልረሳም፣ ልጄ። ገና አልደወለችም ማለት ነው።»

ልጅቷ ሰዓቷን አየች፤ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትል ሄደች።

ደብተሩን ተውሼ፣ «ደውሏል» የሚል ሌላ ዓምድ ሠርቼ ኮከቦቹን አንድ በአንድ መለስኩ። እዚያ ስም ላይ ስደርስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁት፤ የቀለም ጠብታ እንኳ ቢኖርበት ብዬ። ንጹሕ ነበር።